የበሰለ ምግብ አይዘረፍም፦ ሶማሊያ ከ1992 እስከ 1995

በ1992 በደቡብ ሶማሊያ ባይደዋ ከተማ ውስጥ ሩዝ ገንዘብ ነበር። (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ደረቅ ሩዝ በጆንያ ከያዝክ ትሸጠዋለህ። በጥይት ትለውጠዋለህ። ለታጣቂህ ደሞዝ ትከፍልበታለህ። ተቀቅሎ ድስት ውስጥ ከገባ ግን አለቀለት። አያድርም፣ አይጫንም፣ ድንበር አይሻገርም። ከራበው ሰው በቀር ማንም አይፈልገውም።

ይህ ነገር ቀድሞ የገባው ለዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ነው። ከሶማሊያ ቀይ ጨረቃ ጋር ሆኖ በየሰፈሩና በየመንደሩ ወጥ ቤት ከፈተ። ወጥ ቤት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ጥላ፣ ምድጃ፣ ትልልቅ ድስት፣ የሚያማስሉ የሰፈሩ ሴቶች። ሩዝ፣ ባቄላ፣ ዘይት። በዓመቱ መጨረሻ ቁጥራቸው ከ900 አለፈ። በቀን ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው በሉባቸው።

የሶማሊያ ጉዳይ ሲነሳ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ሞቃዲሾ ላይ የወደቁት ሁለት የአሜሪካ ሄሊኮፕተሮች ናቸው። እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ፣ ግን ብዙም አልቆይበትም። እኔን የሚከነክነኝ ጥያቄ ሌላ ነው። ምግቡን ማን ይጠብቀዋል? ጠባቂውስ ከምን ይኖራል? የሶማሊያ ተልዕኮ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ሲሽከረከር ነው የኖረው።

ረሃቡ ከየት መጣ?

እኛ አገር ረሃብ ሲባል ወዲያው የሚመጣብን (ይህ ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) የ77ቱ ድርቅ ነው። ሶማሊያም ድርቅ ነበር። ነገር ግን ባይደዋን የሙታን ከተማ ያሰኛት የዝናብ እጦት ብቻ አይደለም።

ዚያድ ባሬ 21 ዓመት ገዝቶ በጃንዋሪ 1991 ከሞቃዲሾ ሸሸ። ያባረረው የተባበሩት የሶማሊያ ኮንግረስ የተባለው ድርጅት ነው። ድርጅቱ ድሉን እንኳ ሳያከብር ለሁለት ተሰነጠቀ። በአንድ በኩል አሊ ማህዲ መሐመድ፣ የሆቴል ባለቤትና ነጋዴ። ጊዜያዊ ፕሬዝዳንት ነኝ አለ። በሌላ በኩል ጄኔራል መሐመድ ፋራህ አይዲድ፣ በባሬ ዘመን ለዓመታት የታሰረ፣ በኋላ ደግሞ በህንድ አምባሳደር የነበረ ወታደር። ጦሩን የመራሁት እኔ ነኝ፣ ወንበሩም የእኔ ነው አለ። ሁለቱም ሐዊያ ከሚባለው ጎሳ ናቸው። በንዑስ ጎሳ አሊ ማህዲ አብጋል፣ አይዲድ ሐበር ጊድር። ጠቡን በጎሳ ብቻ ለሚያስረዱ ሰዎች ይህ ትንሽ ያስቸግራቸዋል።

ከኖቬምበር 1991 እስከ ማርች 1992 ሞቃዲሾ ላይ በመድፍ ተደባደቡ። በእነዚያ አራት ወራት 14,000 ያህል ሰው እንደሞተ በጊዜው ተገምቷል። ከተማዋ ሁለት ሆነች። ሰሜኑ የአሊ ማህዲ፣ ደቡቡ የአይዲድ። ወደቡንና አውሮፕላን ማረፊያውን ደግሞ ሌሎች ንዑስ ጎሳዎች ሲሻሙበት ከረሙ።

ረሃቡ ግን የመጣው ሌላ ቦታ ነው። በጁባና በሸበሌ ወንዞች መካከል ያለው ምድር የሶማሊያ ጎተራ ነው። እዚያ የሚኖሩት ራሃንዌይን የሚባለው ጎሳ ገበሬዎች ናቸው። ማሽላ ይዘራሉ፣ ከብት ያረባሉ፣ የከፋ መሣሪያ የላቸውም። እህላቸውን የሚያኖሩት መሬት ቆፍረው ነው። እኛም አገር የእህል ጉድጓድ የሚያውቅ ገበሬ ሞልቷል። በደህና ጊዜ ጉድጓዱ ለክፉ ቀን መድን ነው። የሸሸው የባሬ ጦር ወደ ሞቃዲሾ ለመመለስ ሲሞክርም፣ ተመትቶ ሲያፈገፍግም በዚህ ምድር ላይ ነው የተመላለሰው። ያሳደደውም ጦር እንደዚያው። በመጡ ቁጥር ጉድጓዱን ከፈቱ፣ ከብቱን ነዱ፣ የውሃውን ጉድጓድ አበላሹ። በመጨረሻ ገበሬው የሚዘራውም የሚበላውም አልቀረለትም። ቤተሰቡን ይዞ ወደ ባይደዋ ተጓዘ። ብዙው መንገድ ላይ ቀረ።

በዚህ ረሃብ ከ200,000 በላይ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ቁጥሩን እስከ 300,000 የሚያደርሱትም አሉ።

ዘበኛው

የዕርዳታ ድርጅቶች ወደ ሞቃዲሾ ሩዝ ሲያመጡ መጀመሪያ የሚገናኙት የተራበ ሰው አይደለም። ክላሽ ያነገተ ልጅ ነው። ሶማሌዎች ሞርያን ይሉታል። ወደቡ ላይ ክፈል ይላል። መጋዘኑ ላይ ክፈል ይላል። ለመኪናው ክፈል፣ ለኬላው ክፈል። ካልከፈልክ ይዘርፍሃል፤ ከከፈልከው ደግሞ ዘበኛህ ይሆናል። ዘበኛና ዘራፊ አንዳንዴ ወንድማማቾች ነበሩ፤ አንዳንዴ ደግሞ ያው ራሱ ሰውዬው ነው።

ከኋላዋ ዱሽቃ የተተከለባት ፒክአፕ በዓለም ቋንቋ ሁሉ «ቴክኒካል» የሚል ስም ያገኘችው በዚህ ጊዜ ነው። ስሟ የመጣው ከሂሳብ መዝገብ ነው ይባላል። ድርጅቶቹ ለታጣቂ የሚከፍሉትን ገንዘብ «ለጥበቃ» ብለው መመዝገብ ስለማይችሉ «የቴክኒክ ድጋፍ» በሚል ርዕስ ያወራርዱት ነበር። ቀልድ ይመስላል። ግን በትጥቅ አልታጀብም የሚለውን የቆየ መርሁን አክብሮ የኖረው ቀይ መስቀል እንኳ ሶማሊያ ላይ ተሸንፎ የታጠቀ አጃቢ ቀጥሯል።

በወቅቱ ከሚመጣው ምግብ ከ70 እስከ 80 በመቶው ይዘረፋል የሚል አባባል ተደጋግሞ ይሰማ ነበር። ቁጥሩ ከተመድ ዋና ጸሐፊ አፍም ወጥቷል። መሬት ላይ ይሠሩ ከነበሩት ውስጥ ይህ የተጋነነ ነው ያሉ ነበሩ፤ የቀይ መስቀል ኪሳራ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ልዩነቱ ያለው በአሠራሩ ነው። ኮሚቴው ሁሉን ነገር በሞቃዲሾ ወደብ አላስገባም። በብዙ በር፣ በትንንሽ መርከብ፣ በባህር ዳርቻው ሁሉ በትኖ ነው ያስገባው። ከየአካባቢው ሽማግሌ ጋር በየመንደሩ ተደራደረ። ቀጥሎም አበሰለው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የአገራችን አንባቢ አያልፈውምና። የምግብ አውሮፕላን ማረፍ ባቃተው ቀን እንኳ የጫት አውሮፕላን ከናይሮቢ በሰዓቱ ይመጣ ነበር። ማንም አይተኩስበትም። ሁሉም ወገን የሚፈልገው ዕቃ ሲሆን ሰላም አስከባሪ አያስፈልገውም ማለት ነው።

አልጄሪያዊው

ተመድ የዘገየው እዚህ ላይ ነው። ጦርነቱ ሲከፋ ሠራተኞቹን አስወጥቶ ነበር። የጸጥታው ምክር ቤት በጃንዋሪ 1992 በውሳኔ ቁጥር 733 የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ጣለ። መሣሪያ ሞልቶ በፈሰሰበት አገር! የባሬ መንግሥት መጀመሪያ ከሶቪየት ኅብረት፣ በኋላም ከአሜሪካና ከጣሊያን ሲያግበሰብስ የኖረው ሁሉ አሁን ገበያ ላይ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በኤፕሪል ዩኖሶም የሚባለው የተመድ ተልዕኮ ተቋቋመ። ኃይሉ 50 ያልታጠቁ ታዛቢዎች።

ተልዕኮውን እንዲመራ የተላከው መሐመድ ሳህኑን የሚባል አልጄሪያዊ ዲፕሎማት ነው። ይህን ሰውዬ እወደዋለሁ። እንደ ሶማሌ ሽማግሌ ነበር የሠራው። ተቀምጦ ሻይ ጠጣ፣ አዳመጠ፣ ከክልል ክልል ዞረ። ሁሉን በሞቃዲሾ ሁለት ሰዎች በኩል ከማድረግ ይልቅ ሽማግሌዎችን፣ ሴቶችን፣ የየአካባቢውን ሰው አነጋገረ። 500 የፓኪስታን ወታደሮች ለወደቡና ለዕርዳታው ጥበቃ እንዲመጡ አይዲድን ለማሳመን ወራት ፈጀበት። በመጨረሻ አይዲድ እሺ አለ።

ከዚያ ኒውዮርክ፣ የተመድ ዋና መሥሪያ ቤት ማለቴ ነው፣ አበላሸችው። በኦገስት 3,000 ያህል ተጨማሪ ወታደር ይላካል የሚል ውሳኔ ወጣ። ሳህኑንን ያማከረው የለም፤ አይዲድን ያማከረውማ ከየት ይመጣል። ከዚያ በፊትም የተመድ ምልክት የለጠፈ የሩሲያ አውሮፕላን ለአሊ ማህዲ ወገን ገንዘብና ወታደራዊ ዕቃ ማራገፉ የአይዲድን ጥርጣሬ አክርሮት ነበር። አይዲድ ዋና ጸሐፊውን ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊን ድሮም አያምናቸውም። የግብፅ ባለሥልጣን ሳሉ ከባሬ ጋር ጥሩ ነበሩ ይላል። ፓኪስታኖቹ በሴፕቴምበር መጡ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ታጥረው ቀሩ። 500 ወታደር ራሱን ከመጠበቅ አላለፈም።

ሳህኑን የተመድ ድርጅቶችን ዳተኝነት በአደባባይ ተናገረ። ተገሠጸ። በኦክቶበር ለቀቀ። የተለየ ውጤት ያመጣ ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እንጃ። ግን ከእሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ከሻይ ይልቅ ሄሊኮፕተር ይቀናቸው ነበር።

37,000 ወታደር

በኖቬምበር መጨረሻ የዓለም ምግብ ፕሮግራምን እህል የጫነ መርከብ ሞቃዲሾ ወደብ ሊገባ ሲል በመድፍ ተመትቶ ተመለሰ። ዋሽንግተን ላይ ምርጫ ተሸንፈው ሊሰናበቱ የነበሩት ጆርጅ ቡሽ ወታደር እልካለሁ አሉ። ዲሴምበር 3 የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 794ን አጸደቀ። ለሰብአዊ ዕርዳታ ሲባል «አስፈላጊውን ሁሉ» መጠቀም ይቻላል አለ።

ዲሴምበር 9 ሌሊት ፊታቸውን ያጠቆሩ የባህር ኃይል ኮማንዶዎች ከውሃው እየዳሁ ሲወጡ የተቀበላቸው ጠላት አልነበረም። የቴሌቪዥን ካሜራ ነው። ጋዜጠኞቹ ቀድመው አሸዋው ላይ ተደርድረው መብራት አበሩባቸው። በጣም የሚያሳፍር ትዕይንት ነበር።

ዩኒታፍ የተባለው ይህ ኃይል ከ20 በላይ አገሮች የተውጣጣ ሲሆን በደራበት ጊዜ 37,000 ደረሰ። አብዛኛው አሜሪካዊ ነው። መንገድ ተከፈተ፣ ወደቡ ሥራ ጀመረ፣ እህል ገባ። ይህን መካድ አይቻልም። የሞት ቁጥሩ ከፍተኛ የነበረው ግን ወታደሮቹ ከመድረሳቸው ከወራት በፊት ነው። ከረሃቡ የተረፈውን ሰው በዋናነት ያተረፉት ቀድመው የተጣዱት ድስቶች ናቸው።

አንድ ትልቅ ጭቅጭቅ ግን ሳይፈታ ቀረ። ትጥቅ ይፈታ ወይስ አይፈታ? ቡትሮስ ጋሊ ወታደሮቹ አገሩን ሙሉ ትጥቅ እንዲያስፈቱ ፈለጉ። አሜሪካኖቹ አሻፈረን አሉ። እኛ የመጣነው መንገድ ልንከፍት ነው፣ ከፍተን እንሄዳለን። ከአይዲድና ከአሊ ማህዲ ጋር ተነጋግረው ቴክኒካሎቹ ከመንገድ እንዲገለሉ፣ ከባዱ መሣሪያ የጦር አበጋዞቹ ራሳቸው በያዙት መጋዘን እንዲቀመጥ አደረጉ። መሣሪያው ይቆለፍ ብለው ቁልፉን ለባለቤቱ ሰጡት ማለት ነው። ቡትሮስ ጋሊ በጃንዋሪ 1993 ሞቃዲሾን ሲጎበኙ የአይዲድ ደጋፊዎች በድንጋይ ተቀበሏቸው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ባይደዋ ላይ ሌላ ታሪክ ነበር። በጃንዋሪ ወደ 1,000 የሚጠጋ የአውስትራሊያ ጦር ከተማዋን ተረከበ። እነዚህ ሰዎች በእግራቸው ነው የሚሄዱት። ቀንም ሌሊትም። ገበያ ይገባሉ፣ ሰው ያነጋግራሉ። የዕርዳታ ኮንቮይ መንደር ድረስ ያጅባሉ፣ ሲታደል ቆመው ያያሉ። ከሁሉ በላይ የጠቀመው ግን ሌላ ነው። የተበተነውን የከተማዋን ፖሊስ ሰበሰቡ፣ ዳኞች ፈለጉ፣ ከባሬ ዘመን የተረፈውን ሕግ አቧራ አራግፈው ፍርድ ቤት እንዲከፈት አገዙ። ሕዝቡን ሲያስጨንቅ የኖረ አንድ የታወቀ ሽፍታ በሶማሌ ዳኞች ፊት ቀርቦ ተፈረደበት። ለአራት ወር ያህል የባይደዋ ዘራፊ ሕግ መኖሩን አወቀ። በሜይ 1993 አውስትራሊያኖቹ ወጡ።

ሁሉም ጦር እንዲህ አልነበረም። በለደወይን ላይ የሰፈሩ የካናዳ ወታደሮች በማርች ካምፓቸው ገብቶ የያዙትን የ16 ዓመት ልጅ አሠቃይተው ገደሉት። ካናዳ ውስጥ ትልቅ ምርመራ ተደረገ። የአየር ወለድ ሬጂመንቱ በ1995 ፈረሰ።

አዲስ አበባ ላይ

የታጣቂ ቡድኖቹ መሪዎች በጃንዋሪና በማርች 1993 አዲስ አበባ መጡ። የማርቹ ጉባኤ ሁለት ሳምንት ፈጀ። 15 ቡድኖች ማርች 27 ስምምነት ፈረሙ። በ90 ቀን ውስጥ ትጥቅ ይፈታል። 74 አባላት ያሉት የሽግግር ምክር ቤት ይቋቋማል፤ ከ18ቱ ክልሎች ሦስት ሦስት ሰው፣ ከሦስቱ አንዷ ሴት መሆን አለባት። ከሞቃዲሾ አምስት፣ ከእያንዳንዱ ቡድን አንድ። ሂሳቡ ያምራል።

ችግሩ የክልሎቹ ተወካይ ማን ይመርጠው የሚለው ላይ ነው። ተመድ ሕዝቡ ከታች ወደ ላይ ይምረጥ አለ። አይዲድ እኛ ጦረኞቹ እንመርጣለን አለ። ፊርማው ሳይደርቅ ሁለቱም ወገን የየራሱን ስምምነት ይዞ ወጣ።

በእነዚያው ወራት በስተሰሜን ቦራማ በምትባል ከተማ 150 ሽማግሌዎች በዛፍና በድንኳን ጥላ ተቀምጠው ሲመክሩ ነበር። በሜይ 1991 ነጻ ነኝ ያለችው ሶማሊላንድ ናት። ጉባኤው አራት ወር ገደማ ፈጀ። ወጪውን በአብዛኛው የሸፈነው ያው ሕዝቡ ነው። መሐመድ ኢብራሂም ኤጋልን ፕሬዝዳንት አድርገው መርጠው ተለያዩ። ይህ የሆነው በሜይ 1993 ነው፤ ልክ ደቡብ ላይ ዩኒታፍ ዩኖሶም ሁለት ለተባለው አዲስ የተመድ ተልዕኮ ባስረከበበት ወር። ቦራማ ላይ አንድ የተመድ ሰማያዊ ቆብ አልነበረም። ካሜራም አልነበረም።

ጁን 5

ዩኖሶም ሁለት በወረቀት ከቀዳሚው የበለጠ ሥልጣን ተሰጠው። ትጥቅ ያስፈታል፣ መንግሥት ያቋቁማል፣ አገር ይገነባል። በእጁ ያለው ጦር ግን ያነሰና ያልተቀናጀ ነበር። ኃላፊው ጡረተኛው የአሜሪካ አድሚራል ጆናታን ሃው፣ የጦር አዛዡ ቱርካዊው ጄኔራል ቼቪክ ቢር። የየአገሩ ጦር ግን ትእዛዝ ሲደርሰው መጀመሪያ ዋና ከተማው ይደውላል። ጣሊያኖቹ በግልጽ ከአይዲድ ሰዎች ጋር በራሳቸው መንገድ ይነጋገሩ ነበር። በዚህ ከዩኖሶም ጋር ተጣልተዋል።

ዩኖሶም በጁን 5 የአይዲድን የመሣሪያ መጋዘኖች እንፈትሻለን ብሎ ማስታወቂያ የላከው በዋዜማው ነው። ከመጋዘኖቹ አንዱ የሞቃዲሾ ሬዲዮ ጣቢያ ያለበት ግቢ ነው። ሬዲዮኑ በአይዲድ እጅ ነበር፣ ተመድንም ሲሰድብ ነው የሚውለው። ፍተሻ የሚባለው ሰበብ ነው፣ ሬዲዮኑን ሊቀሙን ነው የሚል ወሬ ከተማውን ሞላው። ማስታወቂያውን የተቀበለው የአይዲድ ሰው ይህ ጦርነት ነው ብሎ አስጠንቅቋል። ማስጠንቀቂያው ፍተሻውን ለማድረግ ለተላኩት ፓኪስታኖች በወጉ አልደረሳቸውም። ቸኩሎ መግባት ማለት ይህ ነው።

በዚያ ቀን 24 የፓኪስታን ወታደሮች ተገደሉ። ከእነሱ ውስጥ ምግብ ሲታደል ይጠብቁ የነበሩ አሉ። ሴትና ልጅ ከፊት፣ ተኳሽ ከኋላ ሆኖ ነው የተከበቡት። ጥፋቱ የአይዲድ ጦር ነው፤ ይህን ማለባበስ አያስፈልግም። ነገር ግን ምግብ ለሚጠብቅ ወታደርና መሣሪያ ለሚነጥቅ ወታደር አንድ ዓይነት ዩኒፎርም አልብሶ በአንድ ቀን ያሠማራው ማነው?

በማግስቱ የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 837 ጥፋተኞቹ ይያዙ አለ። ሃው በአይዲድ ራስ ላይ 25,000 ዶላር ሽልማት ቆረጠ። ለሶማሌዎች ይህ ስድብ ነበር። እንግዲህ ተመድ ከዚያ ወዲያ ዳኛ አይደለም። አንደኛው ተፋላሚ ሆነ።

ጁላይ 12 የአሜሪካ ሄሊኮፕተሮች አብዲ ሐውስ የሚባለውን ቤት በሚሳኤል መቱ። ውስጡ የሐበር ጊድር ሽማግሌዎችና የአይዲድ ሰዎች ስብሰባ ላይ ነበሩ። ቀይ መስቀል 54 ሰው መሞቱን አስታወቀ። በስብሰባው ከነበሩት ብዙዎቹ ከተመድ ጋር ሰላም ይሻላል የሚሉ ነበሩ የሚል ምስክርነት አለ። ሊዘግቡ የሄዱ 4 የውጭ ጋዜጠኞች በተቆጣ ሕዝብ ተገደሉ። አይዲድን የማይወድ ሐበር ጊድር ካለ ከዚያ ቀን በኋላ ወደደው።

ኦክቶበር 3 የሆነውን ሁሉም ያውቃል። ሁለት ሄሊኮፕተር ወደቀ፤ 18 አሜሪካዊና አንድ የማሌዥያ ወታደር ሞተ። የሶማሌው ሟች በብዙ መቶ ይቆጠራል፤ ትክክለኛውን ቁጥር የመዘገበው የለም። ቢል ክሊንተን በአራተኛው ቀን እስከ ማርች 1994 እንወጣለን አሉ። ኒውዮርክ ደግሞ ኦክቶበር 5 ላይ ለሩዋንዳ አዲስ ሰላም አስከባሪ ኃይል አጽድቃ ነበር። ከሞቃዲሾው ውጊያ በሁለተኛው ቀን! ኪጋሊ ላይ በኤፕሪል 1994 ሕዝብ ሲታረድ ኃያላኑ ለምን እጃቸውን እንደሰበሰቡ ለሚጠይቅ፣ ከመልሱ ውስጥ ትልቁ ቁራጭ ሞቃዲሾ ላይ ይገኛል።

አውሮፕላኑ

ከዚህ ታሪክ ሁሉ አንድ ሥዕል ምረጥ ብባል የምመርጠው የዲሴምበር 1993ን ነው። አዲስ አበባ ላይ እንደገና የሶማሊያ ስብሰባ ተጠርቷል። አይዲድ መምጣት አለበት። ግን እንዴት? ያለፉትን ወራት ሲያሳድዱት የከረሙት አሜሪካኖች በራሳቸው ወታደራዊ አውሮፕላን ጭነው አመጡት። በጁን 25,000 ዶላር የተቆረጠበት ሰው በዲሴምበር በነጻ ተሳፍሮ ቦሌ ወረደ። የመያዣው ትእዛዝ በኖቬምበር ተነስቷል። ሞቃዲሾ ላይ ልጃቸውን ያጡ ወላጆች አሜሪካ ውስጥ ይህን ሲሰሙ ምን እንዳሉ መገመት አይከብድም።

የተረፈው ጊዜ በግንብ ውስጥ ያለፈ ነው። ተመድ ሞቃዲሾ ውስጥ ራሱን የቻለ ከተማ የሚያህል ግቢ ነበረው። ውጭ ያለው ሕዝብ ውሃ ሲቸግረው ውስጥ አየር ማቀዝቀዣ ይሠራል። በኤፕሪል 1994 ከዚያው ግቢ ከአንድ ቢሮ 3.9 ሚሊዮን ዶላር ጥሬ ገንዘብ ተሰረቀ። ሞርያን አጥር ዘሎ ገባ ወይስ ከውስጥ? ዩኖሶም ሁለት በጠቅላላ ወደ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ፈጀ። ከ140 በላይ ሰላም አስከባሪዎች ሕይወታቸውን አጡ።

በማርች 1995 መጀመሪያ የመጨረሻዎቹ ወታደሮች በአሜሪካና በጣሊያን ባህር ኃይል ታጅበው ከሞቃዲሾ ባህር ዳርቻ ወጡ። ዘራፊዎቹ ከኋላቸው እግር በእግር ገቡ። ቆርቆሮ፣ ሽቦ፣ በር፣ የቀረ ሁሉ ተነቅሎ ተወሰደ።

አይዲድ በኦገስት 1996 በጥይት ቆስሎ ሞተ። ተተኪው ልጁ ሁሴን ነው። ይህ ልጅ ከጉርምስናው ጀምሮ የኖረው አሜሪካ ነው። በዩኒታፍ ጊዜ የአሜሪካ ማሪን ጦር ወታደር ሆኖ ሞቃዲሾ መጥቶ ነበር።

ባይደዋስ? እጅ በእጅ ስትተላለፍ ኖረች። የኢትዮጵያ ጦር በ2006 መጨረሻ ገብቶ በ2009 ወጣ፤ በ2014 ደግሞ በአፍሪካ ኅብረት ተልዕኮ ሥር ሆኖ ባይደዋን ማዕከል አድርጎ ሰፈረ። ዛሬ አዲስ አበባ፣ ሶማሌዎች በሚበዙበት ቦሌ ሚካኤል ሻይ ቤት ውስጥ ስትቀመጡ አጠገባችሁ ያለው ሽማግሌ ይህን ሁሉ በዓይኑ ያየ ሊሆን ይችላል።

በ2011 ደቡብ ሶማሊያ ላይ እንደገና ረሃብ ታወጀ። የባይደዋ አካባቢም በሴፕቴምበር ዝርዝሩ ውስጥ ገባ። ሞቃዲሾ ሌላ ጦርነት ውስጥ ነበረች፣ ደረቅ እህል ማደል እንደገና ጣጣ ሆኗል። ስለዚህ በየሰፈሩ ትልልቅ ድስት ተጥዶ የበሰለ ምግብ ይታደል ነበር። ሴቶች ያማስላሉ፣ ልጆች ባልዲና ሳህን ይዘው ይሰለፋሉ።